የጥርስ አቃኚዎች ደቦ

ዶክተር አርዲስ ኮልተርማን በሜርል ታክስተን መኪና ለስብሰባ ወደ ኬርኒ ከተማ ስትሄድ፣ የራሷ መኪና ለምን ጋራዥ እንደገባ ሁለት ጊዜ አስረዳች። መጀመሪያ ማርሹ ነው አለች። ግማሽ መንገድ ላይ ደግሞ ራዲያተሩ ሆነ። ሜርል እንደ እሷው ጥርስ የሚያቃና የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሲያይ ስለኖረ ውሸት በየት በኩል እንደሚወጣ ያውቃል። ቢሆንም ዝም አይነቅዝም ብሎ መሪውን ያዘ።

"ያ ምልክት ስንት ማይል ቀረ ይላል?" አላት አንድ ቦታ ላይ።

"መነጽሬን ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አንተ አታነብም እንዴ?"

"እኔማ አነባለሁ" አለ ሜርል።

እውነቱን ለመናገር መኪናው ምንም አልሆነም። የተበላሸው የአርዲስ ዓይን ነው። ከአሥራ አራት ወር ወዲህ የሁለቱም ዓይኖቿ መሃል እየደበዘዘ ሄዶ፣ ሰው ፊት ለፊቷ ሲቆም ጆሮውንና ትከሻውን ታያለች፣ ፊቱን ግን አታይም። የዓይን ሐኪሙ በመርፌ ማዘግየት እንጂ መመለስ እንደማይቻል ቁርጡን ነግሯታል። ይህን የሚያውቁት ሐኪሙና እሷ ብቻ ናቸው። ረዳቷ ትሪና ሳታውቅ አትቀርም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራት የሠራች ሴት እንዴት አታውቅም? ግን በዚያ አገር ሰው ራሱ ካልነገረህ አትጠይቀውም።

አርዲስ ክሊኒኳን ያልዘጋችው ስስት ይዟት አይደለም። በምትኖርበት ከተማ በኤልድሪጅም ሆነ ከኤልድሪጅ መቶ ማይል ዙሪያ ጥርስ የሚያቃና ሐኪም እሷ ብቻ ናት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ አፉ ውስጥ የእሷን ሽቦ ይዞ ይዞራል። ተተኪ መፈለግ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ ከተማዋን በመኪና ዞሮ አይቶ፣ ምሳ እንኳ ሳይበላ ነው የተመለሰው። ስለዚህ "እስከ ፋሲካ ልሥራ" ትላለች፤ ፋሲካ ሲያልፍ "እስከ ገና" ትላለች። አንድ ፋሲካና አንድ ገና እንዲህ አለፈ።

የዚያ ቀኑ ስብሰባ የግዛቲቱ የጥርስ አቃኚዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ነው፤ አርባ ሰባት ሐኪም፣ አንድ የሆቴል አዳራሽ፣ አንድ የከረመ ጭቅጭቅ። አንድ ሐኪም በአንዱ ግዛት የሙያ ፈቃድ ካገኘ፣ ድንበር ተሻግሮ ሲመጣ ፈቃዱ አብሮት ይምጣ ወይስ እንደ አዲስ ተማሪ ይፈተን? ግዛቶች ፈቃድ ለመቀባበል ውል መግባት ጀምረዋል። ረቂቁን የያዙት ሴናተር ደግሞ "ማኅበራችሁ ከደገፈ አቀርበዋለሁ፣ ከተቃወመ ይቅርብኝ" ብለዋል። ይህ ነገር በሃያ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ የቀበረችው አርዲስ ናት።

ሊቀመንበሩ ብራይስ ሆላቼክ፣ ገና አርባ አምስት ያልሞላው ፈጣን ሰው፣ ስብሰባውን ሲከፍት ቀድሞ እሷን ጠራ። እንዲህ ያለውን ነገር አርዲስ ካልጀመረችው አይጀመርም። ወረቀት ሳትይዝ ተናገረች፤ ሰዎቹም ይህን የብቃት ምልክት አድርገው ወሰዱት።

"ፊኛዎቹን ረሳችኋቸው?" አለች። "ከሌላ ግዛት መጥተው ሦስት ሱቅ ከፈቱ፣ በሩ ላይ ፊኛ ሰቀሉ፣ መቶ አርባ ልጅ ጥርስ ላይ የማቃኛ ብረት ለጠፉ። ከዚያ አንድ አርብ በሩን ቆልፈው ሄዱ። ሰኞ ጠዋት አንዲት ልጅ ጉንጯን ሽቦ ወግቷት እኔ በር ላይ ከእናቷ ጋር ቆማለች። 'የጀመረው ሰውዬ የት ሄደ?' አለችኝ እናትየው። ምን ልበላት? ጥርስ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። የጀመረ ይጨርስ፤ የማይጨርስ አይጀምር። ከዚህ ሌላ ሕግ አላውቅም።"

አጨበጨቡ። አርዲስ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው።

"ሃርላን ስትሩብ በሞተ ጊዜስ? ሦስት መቶ ሰማንያ ልጅ ትቶ ሲሄድ ማን ጨረሰላቸው? አንተ ሆላቼክ በዚያ በረዶ ማክሰኞ ማክሰኞ አልነዳህም? ከፍሎሪዳ የመጣ ሰው እንዲህ ያደርግልናል?"

ይህ የማኅበሩ የቆየ ልማድ ነው። አንድ አቃኚ ሲታመም ወይም ሲሞት ሌሎቹ ቀን ተከፋፍለው፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ የእሱን ታካሚዎች በእሱ ክሊኒክ ይሠራሉ። እኛ ደቦ የምንለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ማጭድ ሳይሆን ጉጠት መያዛቸው ነው። ለሃርላን አሥራ አንድ ወር ሠርተዋል። የደቦውን ተራ የምታወጣው፣ የምትደውለው፣ የቀረውን የምትቆጣው አርዲስ ናት። ታማሚው ግን መጀመሪያ ራሱ "ታምሜያለሁ" ብሎ መጥራት አለበት። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

ከእሷ በኋላ ሦስት ሰዎች ተናገሩ፣ ሦስቱም የእሷን ቃል ደገሙት። ከዚያ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ድምፅ የማይሰጡ እንግዶችና ረዳቶች ከሚቀመጡበት፣ አንዲት ሴት ተነሳች። ጃኔል ፎንቴኖ ትባላለች፤ የሉዊዚያና ልጅ ናት። ባሏ የአየር ኃይል መካኒክ ስለሆነ በዘጠኝ ዓመት አራት ግዛት ኖራለች። በሁለቱ ፈቃድ አውጥታ ጥርስ ስታቃና ነበር። እዚህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ኦማሃ ውስጥ በሰው ክሊኒክ ዕቃ እያቀበለች ትሠራለች።

"ሦስት ደቂቃ አለሽ" አላት ሆላቼክ።

"ሁለት ይበቃኛል" አለች ጃኔል። "የምሠራላቸው ሐኪም አምና ጀርባቸውን ሲታመሙ ደቦው መጣላቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ቀን ግን ተረኛው በረዶ ይዞት ቀረ። ወንበሩ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፣ ሽቦዋ ተፈቶ ምላሷን እየወጋት። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ዓመታት የሠራሁት ሥራ ነው። ለእናቷ ምን አልኳት? 'ሐኪም ስለሌለ ነገ ተመለሱ።' ሐኪም ስለሌለ!"

"ተፈትነሽ መገላገል ነዋ!" አለ አንዱ ከመሃል።

"ጥርስ ቦርቡሬ ልሙላ? እርስዎ ጥርስ ከሞሉ ስንት ዓመትዎ ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። ፈተናው የጠቅላላ ጥርስ ሐኪም ፈተና ነው፤ አቃኚ ደግሞ ከተማሪነቱ ወዲያ ጥርስ ሞልቶ አያውቅም። እዚያ ካሉት አርባ ሰባቱ ዛሬ ቢፈተኑ አርባው ይወድቃሉ።

"ተመዝግቤያለሁ" አለች ጃኔል። "ተራዬ ደርሶ፣ ተፈትኜ፣ ወረቀቱ እጄ ሲገባ ባሌን ያዛውሩታል። ኒው ሜክሲኮ ላይ ፈቃዴ የደረሰኝ ዕቃ ስንጭን ነው። ፍሬም ውስጥ አድርጌ ጫንኩት።"

አርዲስ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ድምጿን አሰማች። "የኔ ልጅ፣ ቀልዱን ተይውና አንድ ነገር ንገሪኝ። ባልሽ ሲዛወር የጀመርሻቸውን ልጆች ማን ይጨርስልሻል?"

"ኡኡ!" አለ አንዱ። መልስ የሌለው ጥያቄ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ።

"ከመጀመሬ በፊት ለቤተሰቡ እነግራለሁ" አለች ጃኔል። "እስከዚህ ጊዜ ድረስ ነው ያለሁት፣ ከዚያ በኋላ ለእገሌ አስረክባለሁ እላለሁ። አንድም ልጅ ደብቄ ጀምሬ አላውቅም።"

ተቀመጠች። የመጨረሻዋ ቃል አርዲስን የት እንደነካቻት አላወቀችም። አርዲስ ዓይኗ እንደማይመለስ ከተነገራት ቀን ጀምሮ ሠላሳ አንድ አዲስ ልጅ ጀምራለች። እናቶቹ በር ላይ ቆመው "አይ፣ አልችልም" ማለት አቃታት። ሲያቅታት ደግሞ ትሪና የምታቀብላትን ብረት በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች ትለጥፋለች። ጣቷን ታምነው ነበር። አርባ ዓመት የሠራ ጣት እንዴት አይታመንም? ስለ ዓይኗ ግን ለአንድም እናት አልነገረችም።

ምሳ ቺሊ የሚባለው የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ነበር፤ በዚያ አገር ከትምህርት ቤት ምሳ ጀምሮ ሁለቱ ምግቦች ተለያይተው አያውቁም። በምሳ ሰዓት ሌላ ልማድ አለ። በየዓመቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የያዘውን ከባድ ታካሚ በፎቶ ያሳያል፤ ፎቶው አልቆ መብራት እስኪበራ ማንም ትንፍሽ አይልም፣ ከዚያ ይጨበጨባል። ዘንድሮ ተራው የአርዲስ ነው። ያመጣችው ዌስተን የሚባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ አምና በሚያዝያ ሲመጣ ጥርሶቹ ተደራርበው የአውቶቡስ ግፊያ ይመስሉ ነበር። ብረቱን ያቀበለቻትም፣ ፎቶዎቹን ያነሳችውም፣ ትሪና እናቷን ልታስታምም በሄደች ጊዜ የተተካችው ልጅ ናት።

የመጀመሪያው ፎቶ ግድግዳውን ሞላው። ሁለተኛውም እንደዚያው። አርዲስ ነገሩን በቃሏ ስለምታውቀው ወደ ግድግዳው ሳታይ ታስረዳ ነበር። ሦስተኛው ፎቶ ሲመጣ የማንኪያ ድምፅ ቆመ። ልማዱ ዝምታ ስለሆነ አርዲስ ምንም አልጠረጠረችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ስትጨርስ ጭብጨባው ትንሽ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ከልክ በላይ ሞቀ።

ካፖርት በሚሰቀልበት መተላለፊያ ላይ ቆማ አየር ስትወስድ ጃኔል ከኋላዋ መጣች።

"ዶክተር ኮልተርማን፣ አንዴ ላነጋግርዎት?"

"የጠዋቱን መልስ ልትሰጪኝ ከሆነ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስጪኝ።"

"እሱ አይደለም።" ጃኔል ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሦስተኛው ፎቶ ላይ የላይኞቹ ነጥቦች የቱ ጋ ነበሩ?"

በየጥርሱ ላይ የምትለጠፈው ብረት የቀኝና የግራ አላት። እንዳትምታታ አንድ ጥጓ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ የቀለም ነጥብ ይደረግባታል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ ነጥቧን ሳያይ ብረት አያነሳም።

"ልትፈትኚኝ ነው?" አለች አርዲስ። "አንቺ? ያለ ፈቃድ?"

ጃኔል ስድቡን ዋጠችው። "ከፊት ጥርሶቹ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ተለዋውጠዋል። የቀኙ ብረት በግራ፣ የግራው በቀኝ ነው የተለጠፈው። ጥርሶቹም ወደዚያው መዘንበል ጀምረዋል። ግድግዳ በሚያህል ፎቶ ላይ አዳራሹ በሙሉ አይቶታል። ማንም አልነገረዎትም፣ አይደል?"

ያ ዝምታ ለአርዲስ አሁን ገባት። ተንጠልጥሎ የነበረ የማታውቀውን ሰው ካፖርት ያዘች።

"ሜርልም አይቷል?"

"ሁሉም አይተዋል። እርስዎን ይወዱዎታል፣ ለዚያ ነው።" ከዚያ ጃኔል ቀስ ብላ ጨመረች፤ "አያቴ እንደዚህ ነበሩ። ሰው ሲያነጋግሩ ጆሮውን ነው የሚያዩት። እርስዎም አሁን ሲያናግሩኝ ጆሮዬን ነው የሚያዩት።"

ከአዳራሹ ሆላቼክ ሰዉን ሲሰበስብ ይሰማል።

"ካወቁ ወዲህ ስንት ጀምረዋል?" አለች ጃኔል።

"ሠላሳ አንድ።"

"ደቦውን ለምን አልጠሩም?"

"ደቦ ጠሪዋ እኔ ነኛ!" አለች አርዲስ። "እኔ ስጠራ ማን ይጠራልኛል? ከጠራሁስ በኋላ ምን ቀረኝ? ኤልድሪጅ ማንም አይመጣም። እኔ ከወጣሁ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።" ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላ የጃኔልን ፊት በዓይኗ ዳር ፈለገች። "ልትናገሪ ነው?"

"እኔ? አልናገርም። የእርስዎ ጉዳይ ነው።" ጃኔል ክንዷን ነካ አድርጋት ሄደች።

አርዲስ ካፖርቶቹ መሃል ቆመች። የሚያስፈራት ብዙ ነበር። አሁን ገብታ ውሉን ደግፉ ብትል "ስትቸገር ጊዜ ሃሳቧን ለወጠች" ይሏታል፤ እውነትም ነው። ዝም ብትል ደግሞ የጠዋቱ ንግግሯ ብቻውን ያሸንፋል፤ ከዚያ በሜርል መኪና ተመልሳ ሰኞ ጠዋት ሌላ ልጅ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ፊኛ ሰቅለው የጠፉትን ሰዎች ሃያ ዓመት ስትረግም ኖራለች። እነሱ እንኳ የሚለጥፉትን ያዩ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለማን እንደሆነ በዚያች ሰዓት ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። አፈረች፤ እንደዚያ አፍራ አታውቅም።

ስትገባ ሆላቼክ ድምፅ ሊያሰጥ ተነስቷል።

"ብራይስ፣ አንድ ነገር አለኝ" አለች።

"ዶክተር አርዲስ፣ ውይይቱ ተዘግቷል፤ ግን ለእርስዎ..."

"ለእኔ ብለህ አትክፈተው። ስለ ውሉ አይደለም።" መድረኩ ላይ አልወጣችም፤ የወንበር ጀርባ ይዛ ቆመች። "ሦስተኛውን ፎቶ አይታችኋል። እኔ ግን አላየሁትም። ከአምና ጥር ጀምሮ ፊት ለፊቴ ያለውን አላይም። አይድንም ብለውኛል። ይህን እያወቅሁ ሠላሳ አንድ ልጅ ጀምሬያለሁ፤ ዌስተን አንዱ ነው። ለማንም አልነገርኩም። ጠዋት 'የጀመረ ይጨርስ' ያልኩት ቃል አሁንም ቃሌ ነው። እኔ ግን አልጨርስም። ልጆቹን የሚጨርስልኝ እፈልጋለሁ።"

ከዚያ የሜርል ድምፅ ተሰማ።

"መኪናሽስ?"

"መኪናዬ ደህና ነው።"

"ራዲያተሩም?"

"እሱም ደህና ነው፣ አንተ ሽማግሌ።"

ጥቂቶች ሳቁ፤ አርዲስ ግን ታለቅስ ነበር፣ መደበቅም አልቻለች። ሜርል ከጠረጴዛው ላይ የምሳ ዝርዝር ወረቀት አንስቶ ገለበጠው፤ አምስት ቀን በአምስት መስመር ጽፎ ስሙን አኖረና ለጎኑ አሳለፈው። ማንም ምንም አላዘዘም። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር የእስኪርቢቶ ድምፅ ይሰማታል። ኤልድሪጅ ለመድረስ አንዳንዶቹ አራት ሰዓት መንዳት አለባቸው፤ ያንን እያወቁ ነው የሚጽፉት።

ወረቀቱ ዞሮ እጇ ሲገባ አፍጥጣ አየችው። ጠርዙ ነጭ ነው፣ መሃሉ ደመና።

"ጃኔል" ብላ ጠራች። "ነይ እስኪ አንብቢልኝ።"

ጃኔል ከመጨረሻው ረድፍ ተነስታ መጣች።

"ሰኞ ዶክተር ሆላቼክ። ማክሰኞ ሁለት ስም አለ፣ እየተፈራረቁ። ረቡዕ ዶክተር ታክስተን፤ 'ምሳ ከቻለችኝ' ብለው ጽፈዋል። አርብ ሦስት ሰው አለ።"

"ሐሙስን ዘለልሽው።"

"ሐሙስ ማንም የለም። ሐሙስ ሁሉም የራሱ ክሊኒክ የሚሞላበት ቀን ነው።"

"አንቺ ሐሙስ ምን ትሠራለሽ?"

"እኛ ሐሙስ ዝግ ነን። ቤት ነኝ።"

"ታዲያ ስምሽን ለምን አልጻፍሽም?"

"እንዴት ብዬ? አይፈቀድልኝም እኮ።"

"ለእኔ ይፈቀድልኛል" አለች አርዲስ፤ ይህን ያለችው ለጃኔል ሳይሆን ለአዳራሹ ነው። "ፈቃዴ እስከሚቀጥለው የካቲት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ነገ ሄጄ ሠላሳ ሁለተኛውን ልጅ ብጀምር የሚከለክለኝ ሕግ የለም። እሷ ግን የልጁን ሽቦ ብትነካ ወንጀል ነው። እኔ በር ዘግቼ ስጠብቅ የኖርኩት ይህንን ነው። ሆላቼክ፣ አሁን ድምፅ አሰጥ።"

ሁሉም አልተሸነፈም። ከሊንከን ከተማ የመጣ አንድ ሐኪም ተነስቶ "አዝናለሁ፣ ግን በአንድ ሰው ዓይን የተነሳ ድንበር አይከፈትም፤ ባለፊኛዎቹም እኮ ፈቃድ ነበራቸው፣ ፈቃድ መኖሩ ግን አላስጨረሳቸውም" አለ። አርዲስ ልክ ነህ አለችው። እውነትም ልክ ነበር። እጅ ሲቆጠር ሃያ ዘጠኝ ለደገፉት፣ አሥራ ስምንት ለተቃወሙት ሆነ። አርዲስ ሃያ ዘጠኞቹ ውስጥ ነበረች። ሆላቼክ ውጤቱን ካነበበ በኋላ፣ ምክር ቤቱ ቢያጸድቀው እንኳ ሥራ ላይ የሚውለው ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሆነ አስታወሰ። ከሃያ ዓመት በፊት እሺ ብትል ኖሮ ሐሙስ ሰው ይኖረው ነበር ብላ አሰበች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጃኔል ከኦማሃ አራት ሰዓት ተኩል ነድታ ኤልድሪጅ ደረሰች። ፎቶ ማየት ፈቃድ አይጠይቅም ብላ ነው የመጣችው። ክሊኒኩ ዝግ ነው፤ ትሪና የሠላሳ አንዱን ልጆች ፋይል ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ሄዳለች። ጃኔል አንድ በአንድ እየከፈተች አየች። ከሠላሳ አንዱ ሰባቱ ተዛብተዋል። አርዲስ ሰባት የሚለውን ቁጥር ስትሰማ ተቀመጠች፤ ጃኔልም "ሃያ አራቱ ግን ደህና ናቸው፣ በጣት ብቻ!" አለቻት ልታጽናናት። አላጽናናትም።

"በዌስተን እንጀምር" አለች አርዲስ። "ቁጥሩን ንገሪኝ።"

ጃኔል ነገረቻት። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

"ዶክተር አርዲስ? ምነው፣ በደህና ነው?" አለች የዌስተን እናት። ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጮሃል፤ በከተማው ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው።

አርዲስ ሁሉንም ነገረቻት። ዓይኗን፣ ሁለቱን ብረቶች፣ እያወቀች መጀመሯን። ይቅርታ አድርጊልኝ አለቻት።

"አምና ብትነግሪኝ ሌላ ቦታ እወስደው ነበር" አለች ሴትየዋ። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

"አውቃለሁ።"

"እና አሁን ማን ነው የሚያስተካክልለት?"

"ሐኪሞች ይመጣሉ። ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ አለ፣ ረቡዕና አርብም አለ። ብር አትከፍሉም።"

"እኔ በሥራ ቀን የማርፈው ሐሙስ ብቻ ነው፤ ዛሬ እንኳ በሰው ቦታ ገብቼ ነው። ሌላ የሚያመጣው ሰው የለኝም። ሐሙስ ማን አለ?"

አርዲስ ዞር አለች። ጃኔል ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ የልጁን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራለች፤ በእርሳስ ጫፍ የተዛቡትን ሁለት ጥርሶች እየነካች የትኛው ብረት መጀመሪያ መነሳት እንዳለበት በወረቀት ላይ ትጽፋለች።

"ሐሙስ ሰው የለም" አለች አርዲስ።